የደድሊዎችን መቃብር ተከትሎ፦ ከለንደን ግንብ እስከ ፔንስኸርስት

የሌስተሩ ኧርል (የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) ሮበርት ደድሊ ስሙ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ይዞራል፤ ወደዳት፣ ወደደችው፣ ሳይጋቡ ቀሩ። የሰውየውን ሕይወት ለመረዳት ግን ንግሥቲቱን ለጊዜው ትቶ ቤተሰቡን መከተል ይሻላል። አያቱና አባቱ አንገታቸውን ተቀልተው ሞቱ፤ ታናሽ ወንድሙም እንደዚያው። እሱ ራሱ ሞት ተፈርዶበት ታስሯል። ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ፣ የገነባው ቤተ መንግሥትም ሆነ በሥውር ያገባት ሚስት፣ የወደቀን ቤት መልሶ ለማቆም ከነበረው ጥማት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ የጉዞ ማስታወሻ የተያዘውም በዚያ መስመር ነው።

ከመነሳት በፊት ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች እ.ኤ.አ. ሆነው እንግሊዞች ያኔ በሚጠቀሙበት በጁሊያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። የዓመቱ ቁጥር የሚለወጠው ደግሞ በጃንዋሪ 1 ሳይሆን በማርች 25 ነበር። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 1554 የተፈጸመ ነገር በዘመኑ ሰነድ ላይ 1553 ተብሎ ይገኛል። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት መጻሕፍት ሲያመሳክር አንዱ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ማክሰኞ፤ የለንደን ግንብ

ታወር ሂል ከሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ሲወጡ መጀመሪያ ወደ ግንቡ አይግቡ። መንገዱን ተሻግሮ ያለው መናፈሻ ውስጥ የመግደያው መድረክ የነበረበት ቦታ ምልክት አለው። አያቱ ኤድመንድ ደድሊ እዚህ ኦገስት 17 ቀን 1510 ተገደለ። የሰባተኛው ሄንሪ ግብር ሰብሳቢ ነበር፤ ስምንተኛው ሄንሪ ሲነግሥ የሕዝቡን ምሬት ለማብረድ አሳልፎ ሰጠው። አባቱ ጆን ደድሊ፣ የኖርዘምበርላንድ ዱክ፣ ኦገስት 22 ቀን 1553 በዚሁ ኮረብታ ላይ ሞተ። የሮበርት ታናሽ ወንድም ጊልፎርድ ደግሞ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1554 ተከተለ። ሚስቱ ሌዲ ጄን ግሬይ ግን የንጉሣዊ ዘር ስለነበረች በዚያው ዕለት የተገደለችው ሕዝብ በሚሰበሰብበት ኮረብታ ላይ ሳይሆን ከግንቡ ቅጥር ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ልጅ የነበረው ንጉሥ ስድስተኛው ኤድዋርድ ጁላይ 6 ቀን 1553 ሲሞት ጆን ደድሊ ዘውዱን ለምራቱ ለጄን አስጨበጠ። ሮበርት የሟቹን ንጉሥ ታላቅ እህት ማርያም ቱዶርን እንዲይዝ ወደ ምሥራቅ እንግሊዝ ተላከ፤ አመለጠችው። ጁላይ 19 ቀን ለንደን ማርያምን ንግሥት ብላ አወጀች፤ የደድሊ ቤትም በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈረሰ። አምስቱም በሕይወት ያሉ ወንድማማቾች፣ ጆን፣ አምብሮስ፣ ሮበርት፣ ጊልፎርድና ሄንሪ፣ እስር ቤት ገቡ።

ግንቡ ሲከፈት ብዙው ሰው ወደ ዘውዶቹ ይሮጣል። እናንተ ወደ ቢቻም ግንብ ሂዱ፤ በጠዋት ባዶ ነው። ጠባቡን ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥታችሁ እስረኞች ግድግዳው ላይ የፈለፈሉትን ጽሑፍ ታያላችሁ። ከምድጃው በላይ ያለው የላቲን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ዓይን ይስባል፤ እሱ ግን በ1587 የተጻፈ የፊሊፕ ሃዋርድ እንጂ የደድሊዎች አይደለም። የምትፈልጉት ድብና አንበሳ የተቀረጹበትን ትልቁን ቅርጽ ነው። ድቡ ጉጣም በትር ይዟል፤ የዎሪክ ኧርሎች ዓርማ ነው። ሥራው የታላቁ ወንድም የጆን ሲሆን ስሙም ከሥሩ አለ። ከዙሪያው ያለውን የአበባ ጥልፍልፍ ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ጽጌረዳው አምብሮስን፣ የባሉጥ ቅጠሉና ፍሬው ሮበርትን፣ የጊሊ አበባው ጊልፎርድን፣ ሐረጉ ሄንሪን ያመለክታል። ባሉጥ ለሮበርት የተሰጠው የዛፉ የላቲን ስም ‹ሮቡር› ስለሆነ ነው። ጆን ከሥሩ በጀመረው ግጥም፣ ቦታውን የሚፈትሽ ሰው የአራት ወንድሞችን ስም እንደሚያገኝ ይናገራል፤ ግጥሙ ሳያልቅ ቀርቷል። አምስቱ ወጣቶች በሞት ፍርድ ሥር ሳሉ አንዳቸው ለሌላው የተቀረጸ ነገር እንደሆነ አስቦ ያየው ሰው ቶሎ አይለቀውም።

እዚያው ክፍል ውስጥ ‹ጄን› የሚል አጭር ጽሑፍ አለ። ራሷ ጻፈችው የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን የተያዘችው በሌላ ቤት ነበር። የጊልፎርድ ወይም የአንዱ ወንድም እጅ ነው ቢባል ይበልጥ ያስኬዳል።

ጆን ደድሊ፣ ጊልፎርድና ጄን የተቀበሩት በቅርቡ ባለው በቅዱስ ጴጥሮስ ጸሎት ቤት ነው። አገልግሎት ሲኖር ስለሚዘጋ ሰዓቱን በር ላይ ያሉትን ጠባቂዎች አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ረቡዕ፤ ኦክስፎርድና ከምነር

ከፓዲንግተን ጣቢያ ኦክስፎርድ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዛሬ የኤሚ ሮብሳርት ቀን ነው።

ሮበርትና ኤሚ በጁን 1550 ሲጋቡ ሁለቱም የ18 ዓመት ገደማ ወጣቶች ነበሩ፤ ንጉሥ ኤድዋርድ ራሱ ሠርጉ ላይ ተገኝቷል። ኤሚ የኖርፎክ ባላባት የሰር ጆን ሮብሳርት ልጅ ናት። ባሏ ታስሮ ሳለ እንድትጎበኘው ተፈቅዶላት ነበር። እሱ በ1554 መገባደጃ ተፈታ። በ1557 ከወንድሞቹ ጋር በፈረንሳይ በሳን ካንተን ዘመተ፤ ትንሹ ሄንሪ እዚያ ሞተ፣ ለተረፉት ግን የተነጠቀው የውርስ መብት ተመለሰላቸው። ኤልሳቤጥ በኖቬምበር 1558 ስትነግሥ ሮበርትን ባልደራሷ አድርጋ ሾመችው። ባልደራስ ንግሥቲቱ በወጣች ቁጥር ከአጠገቧ የማይጠፋ ሰው ነው፤ ስለዚህ ኤሚ ያለ ባሏ በሰው ቤት መኖር ጀመረች። የመጨረሻው ቤት ከኦክስፎርድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በከምነር ነበር።

እሁድ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1560 አቢንግደን ከተማ ገበያ ነበር። ኤሚ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ገበያው እንዲሄድ አጥብቃ አዘዘች፤ እምቢ ባሉት ላይም ተቆጣች። ሲመለሱ ከደረጃው ሥር ሞታ ተገኘች። ይህን የሚነግረን ሮበርት ነገሩን እንዲያጣራ የላከው ዘመዱ ቶማስ ብላውንት የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሮበርት ያን ጊዜ ዊንዘር ከንግሥቲቱ ጋር ነበር።

የአስከሬን ምርመራው ሰነድ ለዘመናት ጠፍቶ በ2008 በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተገኘ። አንገቷ መሰበሩንና ጭንቅላቷ ላይ ሁለት ቁስል መኖሩን ይገልጻል፤ አንዱ ሩብ ኢንች፣ ሌላው ሁለት ኢንች የጠለቀ። ፍርዱ ድንገተኛ አደጋ ነው የሚል ነው። በሕዝብ አፍ ግን ባልየው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ ሞቷ ለሮበርት ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነበር፤ ኤልሳቤጥ ከዚያ ወዲያ እሱን ብታገባ ዙፋኗ ላይ ጥላ ይወድቅ ነበር። ‹ቀብሯ ላይ እንኳ አልተገኘም› የሚለው ክስም የዘመኑን ሥርዓት ካለማወቅ የመጣ ነው። በመኳንንት ቀብር ዋናው ሐዘንተኛ ከሟቹ ጋር አንድ ጾታ መሆን ነበረበት፤ ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ።

የተቀበረችው ኦክስፎርድ ውስጥ በሃይ ስትሪት በቅድስት ማርያም የዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1560። ሐውልት አትፈልጉ፣ የለም። ወደ መቅደሱ በሚያስገባው ደረጃ ላይ የተጻፈውን መስመር ጎንበስ ብላችሁ አንብቡ።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ከምነር መሄድ ይቻላል። ኤሚ የሞተችበት ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈርሷል። የሚጎበኘው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤቱን ተከራይቶ የነበረው የሮበርት ሹም የአንተኒ ፎርስተር መቃብርና የኤልሳቤጥ ሐውልት አሉበት። የመንደር ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል፤ ሳይደውሉ መሄድ አይመከርም።

ሐሙስ፤ ኬንልዎርዝ

ከኦክስፎርድ ወደ ሌሚንግተን ስፓ፣ እዚያ ባቡር ቀይሮ ወደ ኬንልዎርዝ። የከተማዋ ጣቢያ ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ በ2018 ነው የተከፈተው። ሁለተኛው ባቡር በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚያልፍ መጋጠሚያው ካመለጠ ጠዋቱ ያልቃል። ከጣቢያው እስከ ቤተ መንግሥቱ በእግር 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በብርዱ ወራት የሚከፈትባቸው ቀናት ያንሳሉ።

ኤልሳቤጥ ኬንልዎርዝን ለሮበርት የሰጠችው በ1563 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር 29 ቀን የሌስተር ኧርል አደረገችው። ስጦታው ቀድሞ የአባቱ ንብረት ስለነበር ለሱ የቤት መመለስ ነው። ዛሬ ሻይ የሚጠጣበትን ጋጣ ያሠራው አባቱ ጆን ነው፤ ብዙ ጎብኚ ቡናውን ጠጥቶ ቀና ብሎ ሳያየው ይወጣል። በእንጨትና በድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው ሊታይ የሚገባው ሕንፃ ነው።

ግቢው ውስጥ ሰው የሚሳሳተው የዘመኖቹን ግንባታ በማደባለቅ ነው። ከፊት የሚደነቀው ግዙፍ ቀይ ግንብ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ረጃጅም መስኮቶች ያሉት ታላቁ አዳራሽ የ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ የላንካስተሩ ዱክ የጆን ኦፍ ጎንት ነው። የሮበርት ድርሻ ከአዳራሹ ማዶ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ግድግዳው ከድንጋይ ይልቅ መስኮት የበዛበት ሕንፃ ነው። ለንግሥቲቱ ማረፊያ ብቻ ታስቦ የተሠራ ነው። ወለሎቹ ስለጠፉ ለዘመናት ከታች ብቻ ነበር የሚታየው፤ ከ2014 ወዲህ ግን ደረጃና መቆሚያ ስለተሠራለት እስከ 18 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ኤልሳቤጥ ትተኛበት በነበረው ክፍል ቁመት ላይ መቆም ይቻላል። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚታየው ሜዳ ያኔ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ምሽግ እንዳይሆን ሐይቁ እንዲደርቅ ተደረገ፣ የትልቁ ግንብ ሰሜናዊ ግድግዳም ፈረሰ።

ኤልሳቤጥ እዚህ በ1566፣ በ1568፣ በ1572ና በ1575 መጥታለች። የመጨረሻው ጉብኝት ከጁላይ 9 እስከ 27 ለ19 ቀናት የቆየ ነው። በሐይቁ ላይ ዶልፊን የመሰለ ተንሳፋፊ መድረክ፣ ርችት፣ የኮቨንትሪ ሰዎች ያሳዩት የጦርነት ትዕይንት፣ 13 ድቦች ከውሾች ጋር የተታገሉበት ጨዋታ ነበር። ንግሥቲቱ ባለችበት ጊዜ ሁሉ የግንቡ ሰዓት እንዲቆም ተደርጎ ጠቋሚዎቹ ሁለት ሰዓት ላይ ተተዉ። ጋብቻን የሚያወድስ ተውኔትም ተዘጋጅቶ ነበር፤ አልታየም። ዝናብ ነው ተባለ። የዚያ ተውኔት መልእክት ግልጽ ስለነበር ዝናቡ ብቻ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

የአትክልት ቦታው በ2009 እንደገና የተሠራው አንድ የቤተ መንግሥት አገልጋይ በጻፈው ደብዳቤ መሠረት ነው። ንግሥቲቱ ለአደን ወጥታ ሳለ አትክልተኛው አድሪያን በሥውር አስገብቶት ያየውን አንድ በአንድ መዝግቧል፦ ነጭ የእብነ በረድ ፏፏቴ፣ የወፎች ቤት፣ በእርከኑ ላይ የቆሙ ድቦች። ከዚያ ወደ በሩ ቤት ሂዱ። ውስጡ ያለው የአልባስጥሮስ ምድጃ ከንግሥቲቱ ሕንፃ የተወሰደ ነው፤ የሮበርትን ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ‹ቅንና ታማኝ› የሚለውን የፈረንሳይኛ መፈክሩን ታገኙበታላችሁ።

ዓርብ፤ ዎሪክ

ከጉዞው አንድ ቀን ብቻ የሚመረጥ ከሆነ ይህ ይሁን። ከሌሚንግተን በባቡር አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዎሪክ ጣቢያ ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በእግር ሩብ ሰዓት። በ1694 የተነሳው እሳት የሕዝቡን ክፍልና ማማውን አውድሟል፤ የቢቻም ጸሎት ቤት ግን ተርፏል።

መሀል ላይ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ቅይጥ ሐውልት ያለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የዎሪክ ኧርል ሪቻርድ ቢቻም ነው። ደድሊዎች በአባታቸው ወገን በሴት ሐረግ ከሱ እንደሚወለዱ ይቆጥሩ ነበር፤ ድቡና በትሩም የመጣው ከዚያ ነው። ሮበርት እዚህ ልቀበር ማለቱ ‹የነዚህ ሰዎች ልጅ ነኝ፣ የግብር ሰብሳቢ የልጅ ልጅ ብቻ አይደለሁም› ማለቱ ነው።

የሱ መቃብር በሰሜኑ ግድግዳ ነው፤ አጠገቡ የተኛችው ሌቲስ ኖሊስ ናት። የኤልሳቤጥ እናት የአን ቦሊን እህት የልጅ ልጅ ነች፤ የመጀመሪያ ባሏ የኤሴክስ ኧርል በ1576 ሞተ። ሮበርትና ሌቲስ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1578 በዋንስቴድ በሥውር ተጋቡ፤ አባቷና አምብሮስ ምስክር ነበሩ። ንግሥቲቱ ስታውቅ ሌቲስን ከቤተ መንግሥት አባረረቻት፤ ይቅርታዋ ለሮበርት ነበር እንጂ ለሷ አልነበረም። በመቃብሩ የላቲን ጽሑፍ ሌቲስ ራሷን ‹እጅግ ያዘነች ሚስት› ብላ፣ ባሏን ‹ምርጥና ተወዳጅ› ትለዋለች። ባሏ በሞተ በዓመቱ የሱ ባልደራስ ከነበረው ከክሪስቶፈር ብላውንት ጋር ተጋባች፤ በ1601 ግን ልጇን ኤሴክስንና ይህንኑ ባሏን በአንድ ሰሞን ንግሥቲቱ አስቀለቻቸው። እሷ ዲሴምበር 25 ቀን 1634 በ91 ዓመቷ ሞታ ነው እዚህ የመጣችው።

አሁን ዞር በሉና በደቡብ በኩል ያለውን ትንሽ መቃብር ፈልጉ። የሁለቱ ልጅ ሮበርት፣ የደንቢ ጌታ፣ ጁላይ 19 ቀን 1584 በሦስት ዓመቱ ሞተ። ረጅም የሕፃን ቀሚስ ለብሶ ተኝቷል። ጽሑፉ የሌስተር ኧርል ልጅ ብቻ ሳይሆን የዎሪክ ኧርል የአምብሮስ የወንድም ልጅና ወራሽ ይለዋል፤ የዚህ ሁሉ ጉዞ ቁልፍ ያለው እዚህ ቃል ላይ ነው። አምብሮስ ሦስት ጊዜ አግብቶ በሕይወት የቀረ ልጅ አላገኘም። ሁለቱ የኧርል ማዕረጎች፣ ኬንልዎርዝና ዎሪክ ተጠቃለው የሚወርዱት ለዚህ ሕፃን ነበር። እሱ ሲሞት የደድሊ ሕጋዊ የወንድ ሐረግ ተቋረጠ። አምብሮስ በ1590 ሞቶ እዚያው ጸሎት ቤት ውስጥ ጋሻ ጥሩር ለብሶ አርፏል፤ በ1563 በፈረንሳይ በለ አቭር የቆሰለው እግሩ በመጨረሻ ተቆርጦ ነበር።

ሌላ ልጅም ነበር። ዳግላስ ሼፊልድ የምትባለዋ እመቤት በኦገስት 1574 ለሮበርት የወለደችው፣ እሱም ሮበርት የሚባል። አባቱ በኑዛዜው ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጄ አለው፤ ኬንልዎርዝን ግን ከአምብሮስ በኋላ ለሱ ተወለት። ልጁ ወላጆቹ ተጋብተው ነበር ብሎ ተከራከረ፣ በ1605 ተረታ፣ አገሩን ጥሎ ፍሎረንስ ገባና በመርከብ ሥራና በባሕር ካርታ ስሙ የተጠራ ሰው ሆነ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ምዕራብ በር አምስት ደቂቃ ብትሄዱ ሮበርት በ1571 ለአረጋውያንና ለተጎዱ ወታደሮች ያቋቋመውን መጦሪያ ታገኛላችሁ። ያዘነበለው የእንጨት ቤት ከሱ ዘመን በፊት የነበረ ነው። ነዋሪዎቹ በክብረ በዓል ቀን ድብና በትር ያለበት የብር ዓርማ ያደርጋሉ። ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ያለማቋረጥ ለታሰበለት ዓላማ ያገለገለው ይህ ነው።

ቅዳሜ፤ ቻርልበሪ

አጭር ቀን ነው። ከኦክስፎርድ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል። የኮርንበሪ ርስት ከጣቢያው አጠገብ ይጀምራል፤ የግል ይዞታ ስለሆነ ቤቱ አይጎበኝም፣ ፓርኩን ከውጭ ማየት ብቻ ነው።

በኦገስት 1588፣ የእስፓኝ መርከቦች ከተመለሱ በኋላ፣ በቲልበሪ ጦሩን ሲያዝ የነበረው ሮበርት ታሞ ለጠበል ወደ በክስተን ተነሳ። ኦገስት 29 ቀን ጠዋት ከራይኮት ለኤልሳቤጥ ጥቂት መስመር ጻፈ፤ ጤንነቷን ይጠይቃል፣ የላከችለት መድኃኒት ከሌላው ሁሉ እንደተሻለው ይነግራታል። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ መስከረም 1 ቀን 1581 ዓ.ም. ነው፤ በዐፄ ሠርፀ ድንግል አገር እንቁጣጣሽ። ሴፕቴምበር 4 ቀን ኮርንበሪ ላይ ሞተ። ኤልሳቤጥ ደብዳቤው ላይ ‹የመጨረሻ ደብዳቤው› ብላ ጽፋ እስክትሞት አኖረችው፤ ዛሬ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። ለሌቲስ ግን የባሏን ዕዳ ከመጠየቅ አልተመለሰችም።

ከቻርልበሪ ወደ ፓዲንግተን ቀጥታ ባቡር አለ።

እሁድ፤ ፔንስኸርስት

ኬንት ውስጥ ያለው ይህ ቤት የሮበርት እህት የሜሪ ደድሊ ነው፤ ከሰር ሄንሪ ሲድኒ ጋር ተጋብታ። የቢቻሙን ቅርጽ የፈለፈለው ታላቁ ወንድም ጆን በኦክቶበር 1554 ከእስር ወጥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ የሞተው እዚህ ነው። ሜሪ በ1562 ኤልሳቤጥ ፈንጣጣ ሲይዛት አስታማ በሽታው ራሷን ይዞ ፊቷን አበላሸው። ልጇ ገጣሚው ፊሊፕ ሲድኒ፣ ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ የሮበርት ወራሽ የነበረው፣ በአጎቱ አዛዥነት ኔዘርላንድ ዘምቶ ዙትፈን ላይ ጭኑን ተመቶ ኦክቶበር 17 ቀን 1586 ሞተ።

የ1341ኛውን አዳራሽ ጣሪያና መሀል ወለል ላይ ያለውን ምድጃ ካያችሁ በኋላ ወደ ሥዕሎቹ ግቡ። አንዲት ሴት በወንድ ወደ ላይ ተነስታ ስትጨፍር የሚያሳየው ሥዕል ‹ኤልሳቤጥና ሌስተር› እየተባለ ይታተማል፤ ሰዎቹ እነሱ ስለመሆናቸው ማረጋገጫ የለም።

የፊሊፕ ወንድም ሮበርት ሲድኒ በ1618 የሌስተር ኧርል ተባለ። ለወንዱ ልጅ ተብሎ የተጠበቀው ማዕረግ በእህት ልጅ በኩል ተመለሰ፤ በሲድኒዎች ቤትም እስከ 1743 ቆየ። ቤቱ ዛሬም የዚያው ቤተሰብ መኖሪያ ነው፤ በጸደይና በበጋ ወራት ለጎብኚ ይከፈታል። ፔንስኸርስት የሚባለው የባቡር ጣቢያ ከቤቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ቶንብሪጅ ወርዶ ታክሲ መያዝ ይሻላል።